ልጆቻችሁን የት ታስተምራላችሁ?
በአቡ ዳቢና በአል ዓይን ለሚሠሩ እናቶችና አባቶች የተዘጋጀ ማብራሪያ



በዕረፍት ቀናችሁ ስትመጡ ደጋግማችሁ ከምትጠይቁን ነገሮች አንዱ የልጆች ትምህርት ነው። አንዷ «ልጄን ወደዚህ አምጥቼ ባስተምረውስ?» ትላለች። ሌላዋ እዚሁ የወለደችውን ሕፃን ይዛ «ለትምህርት ሲደርስ ምን ላደርግ ነው?» ትላለች። ከሁሉ የሚበዙት ግን ልጆቻቸውን ለእናታቸው ወይም ለእኅታቸው ትተው የመጡት ናቸው። እነርሱም «ብሩን በየወሩ እልካለሁ፤ ልጄ መማሩን ግን በምን ልወቅ?» ይላሉ። በዚህ ዕትም ያሉትን መንገዶች አንድ በአንድ እናያለን።

አስቀድመን ግን አንድ ነገር እንበል። ስለ ልጅ ትምህርት ስናስብ ቶሎ የሚመጣልን የትምህርት ቤቱ ስምና ክፍያው ነው። ወላጁ በስደት ላለ ልጅ ግን ከትምህርት ቤቱ የሚቀድሙ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ወረቀት ነው፤ ሁለተኛው ልጁን በየቀኑ የሚያየው ሰው ነው። ወረቀት የሌለው ልጅ ትምህርት ቤቱ ደጁ ላይ ቢሆንም አይገባም። የሚከታተለው ሰው የሌለው ልጅ ደግሞ ውድ ትምህርት ቤት ቢገባም መሐል ላይ ይቀራል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንጽፈውን ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ እየመዘናችሁ አንብቡት።

1. ልጅን ወደዚህ ማምጣት ይቻላል ወይ?

በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ሕግ አንድ ሠራተኛ ቤተሰቡን በራሱ ስም ለማምጣት የተወሰነ ገቢ ሊኖረው ይገባል። ቀደም ሲል የሥራው ዓይነት ጭምር ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ይህ ተለውጦ ገቢ መለኪያ ሆነ፤ ይህም በወር 4,000 ድርሃም፣ ወይም 3,000 ድርሃም ከመኖሪያ ቤት ጋር ነው። ከዚህም ሌላ የጋብቻና የልደት ሰርተፍኬት ይጠየቃል።

የአብዛኞቻችሁ ደመወዝ ከዚህ እጅግ ያነሰ መሆኑን እናውቃለን። በዚያ ላይ የምትኖሩት በአሠሪ ቤት ስለሆነ ለልጅ የሚሆን ቦታ የለም። ስለዚህ ይህ መንገድ በአብዛኛው የሚከፈተው ባል በኩባንያ ተቀጥሮ በቂ ደመወዝና ቤት ላለው ቤተሰብ ነው። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ከሆናችሁ ልጁ በአባቱ ስም የመኖሪያ ፈቃድና የኤምሬትስ መታወቂያ ያገኛል፤ ትምህርት ቤትም በእነዚህ ይመዘገባል።

«በጉብኝት ቪዛ አምጪው፣ እዚህ ይቀየርለታል» የሚሉ ደላሎች አሉ። የጉብኝት ቪዛ የትምህርት ቤት መግቢያ አይደለም፤ ትምህርት ቤቶች የሚጠይቁት የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ቪዛው ሲያልፍ ደግሞ በየቀኑ 50 ድርሃም ቅጣት ይቆጠራል። ልጁ ከክፍል ወጥቶ በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ ተዘግቶ ይውላል፤ አገር ቤት የጀመረውም ትምህርት ይቋረጣል። የመኖሪያ ፈቃዱ እንደሚገኝ በእጃችሁ ማረጋገጫ ሳይኖር ልጅን ካለበት ትምህርት ቤት አታስወጡ።

2. እዚህ ያሉ ትምህርት ቤቶች

የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ልጅ ሁለት ዓይነት ምርጫ አለው።

የመጀመሪያው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ለአገሩ ዜጎች ነፃ ነው፤ የውጭ አገር ልጆች ግን የሚገቡት በክፍያና የተወሰነውን መስፈርት አሟልተው ነው። ትምህርቱ የሚሰጠው በአብዛኛው በዐረብኛ ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዐረብኛ ለለመደ ልጅ ይሆናል፤ ከአገር ቤት አራተኛና አምስተኛ ክፍል ደርሶ ለመጣ ልጅ ግን ይከብዳል።

ሁለተኛው የግል ትምህርት ቤት ነው። አቡ ዳቢም ሆነ አል ዓይን ያሉትን የግል ትምህርት ቤቶች የሚቆጣጠረው የአቡ ዳቢ የትምህርትና የዕውቀት መምሪያ ነው፤ በአጭር ስሙ «አዴክ» ይባላል። ትምህርት ቤቶቹ የሚከተሉት ሥርዓተ ትምህርት የተለያየ ነው። የሕንድ፣ የፓኪስታን፣ የፊሊፒንስ፣ የእንግሊዝ፣ የአሜሪካና የአገሩ የትምህርት ሚኒስቴር ሥርዓት አለ። ክፍያቸውም እንደዚሁ ይራራቃል። ዝቅተኛ ከሚባሉት ብዙዎቹ በዓመት ከ10,000 ድርሃም በታች ናቸው፤ ከፍተኛዎቹ ከ50,000 ድርሃም ይበልጣሉ። ዝቅተኛ ክፍያ ያላቸው በአብዛኛው የእስያ አገሮችን ሥርዓት የሚከተሉት ናቸው።

የትምህርት ክፍያውን የሚያጸድቀው አዴክ ነው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የጸደቀውን የክፍያ ዝርዝር አሳዩን ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ነውር አይደለም። ከትምህርት ክፍያው ሌላ የአውቶቡስ፣ የዩኒፎርምና የመጽሐፍ ገንዘብ እንዳለም አትርሱ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚቸገረው በእነዚህ ነው። አዴክ ትምህርት ቤቶችን እየመረመረ ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ የአንዱን ትምህርት ቤት ደረጃ መጠየቅም ትችላላችሁ።

የትምህርት ዘመኑም አንድ ዓይነት አይደለም። የሕንድ ሥርዓት የሚከተሉት የሚጀምሩት በሚያዝያ (ኤፕሪል) አካባቢ ነው፤ የእንግሊዝና የአሜሪካ ሥርዓት የሚከተሉት ደግሞ በነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። ይህን ሳያውቁ ልጅ ያመጡ ሰዎች ብዙ ወራት በከንቱ ጠብቀዋል።

ለምዝገባ የሚጠየቁት የልጁና የወላጁ ፓስፖርት ቅጂ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የኤምሬትስ መታወቂያ፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ የክትባት ካርድ፣ እንዲሁም ቀድሞ የተማረበት ትምህርት ቤት ሪፖርት ካርድና መሸኛ ናቸው። ከኢትዮጵያ የሚመጣ የትምህርት ማስረጃ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያም አዲስ አበባ በሚገኘው የኤምሬትስ ኤምባሲ መረጋገጥ አለበት፤ እዚህ ሲደርስ ደግሞ በአገሩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ይህ አገር ቤት እያላችሁ ቢያልቅ ብዙ ድካም ይቀንሳል።

ሌሎች ማኅበረሰቦች ለልጆቻቸው የራሳቸውን ትምህርት ቤት አቋቁመዋል። የአቡ ዳቢ የሕንድ ትምህርት ቤት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው፤ የፓኪስታንና የባንግላዴሽ ማኅበረሰቦችም በሼክ ኸሊፋ ቢን ዛይድ ስም የተሰየሙ ትምህርት ቤቶች በአቡ ዳቢ አሏቸው። ኢትዮጵያውያን በሳውዲ ዐረቢያ፣ በጅዳና በሪያድ፣ የኮሚኒቲ ትምህርት ቤት መሥርተው ብዙ ልጆች አስተምረዋል። እዚህ ያሉ ልጆቻችን ግን የሚማሩት በሌሎች አገሮች ሥርዓት ነው። ስለዚህ ፊደል መቁጠር፣ አማርኛ ማንበብና መጻፍ በቤት ውስጥ የወላጅ ሥራ ይሆናል። በቀን ግማሽ ሰዓት ብትሰጡት ልጁ አገር ቤት በሚመለስበት ቀን ዋጋውን ታዩታላችሁ።

3. እዚህ ለተወለደ ልጅ

ይህን ክፍል በተለይ በጥሞና አንብቡት። እዚህ የተወለደ ልጅ ከሆስፒታል ሲወጣ ጀምሮ ወረቀቱ ይቆጠራል። ልጁ በተወለደ በ120 ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ ካለፈ ቅጣት ይመጣል። ለዚህ ደግሞ መጀመሪያ የልደት ሰርተፍኬት ያስፈልጋል፤ ለልደት ሰርተፍኬት የጋብቻ ማስረጃ ይጠየቃል።

ጋብቻ የሌላቸው እናቶች ይህን ፈርተው ሕፃኑን ሳያስመዘግቡ ይቀመጣሉ። ሕጉ ግን ተለውጧል። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ወላጆች መጋባት፣ ወይም ሁለቱም ወይም አንዳቸው ልጁን የእኔ ነው ብለው መቀበልና ወረቀቱን ማውጣት ይጠበቅባቸዋል፤ ይህን ያላደረገ ግን ሊቀጣ ይችላል። በዚያው ዓመት የወጣው የልደትና የሞት ምዝገባ ሕግ (ቁጥር 10/2022) ደግሞ እናት ብቻዋን ወደ ፍርድ ቤት አመልክታ ልጇን የምታስመዘግብበትን መንገድ ከፍቷል። እንግዲህ መደበቅ ችግሩን ያባብሰዋል እንጂ አያርቀውም። የእያንዳንዷ ጉዳይ የተለያየ ስለሆነ ብቻችሁን አትሂዱ፤ አስቀድማችሁ አቡ ዳቢ ያለውን ኤምባሲያችንን ወይም ሕግ የሚያውቅ ሰው አማክሩ።

በኢትዮጵያም ሕግ ቢሆን በውጭ አገር የተወለደ የኢትዮጵያዊ ልጅ በኤምባሲና በቆንስላ ይመዘገባል፤ ይህን የፈቀደው አዋጅ ቁጥር 760/2004 ነው። ልጁ ወደ አገር ቤት የሚገባበት ፓስፖርት ወይም የጉዞ ሰነድ የሚገኘውም ከዚያው ነው። አል ዓይን ያላችሁ እኅቶች ከአቡ ዳቢ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቁ፣ አንድ ወረቀት ጎድሎ እንዳትመላለሱ ከመሄዳችሁ በፊት የሚፈለገውን በስልክ ጠይቃችሁ አሟልታችሁ ሂዱ።

ወረቀት የሌላቸው ሕፃናት በጓደኛ ቤት ወይም በክፍያ ልጅ በሚጠብቁ ሴቶች ዘንድ ያድጋሉ። ሦስት ዓመት፣ አራት ዓመት እያለ ጊዜው ይሄዳል። ስድስትና ሰባት ዓመት ሲሆነው ጎረቤቱ ያለው ልጅ ቦርሳ አንግቶ ሲወጣ እርሱ በመስኮት ያያል። እ.ኤ.አ. በ2024 ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ በተሰጠው ምሕረት እንዲህ ያሉ ልጆችም ያለ ቅጣት ወረቀታቸውን እንዲያስተካክሉ ወይም ከአገር እንዲወጡ ዕድል ተሰጥቶ ነበር። ያ ጊዜ አልፏል። ሌላ ምሕረት ይመጣል ብሎ መጠበቅ የልጁን ዕድሜ መጨረስ ነው።

ፈቃድ በሌላቸው ቤቶች ፊደልና ቁጥር የሚያስተምሩ ሰዎችም አሉ። ልጁ ዝም ብሎ ከሚውል ይህ ይሻለዋል፤ ነገር ግን ሪፖርት ካርድም ሆነ መሸኛ አይሰጥም። ደብተሮቹን ሁሉ አስቀምጡ፤ አገር ቤት ሲመለስ ትምህርት ቤቱ ደረጃውን ፈትኖ ሊመድበው ስለሚችል የተማረው ይጠቅመዋል።

4. ልጁ አገር ቤት ሲማር

ለአብዛኞቻችሁ መንገዱ ይህ ነው። እዚህ ላይ «የመንግሥት ይሻላል ወይስ የግል?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል።

በመንግሥት ትምህርት ቤት የትምህርት ክፍያ የለም። በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው አስተዳደር ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርም፣ ደብተርና ምገባ ያቀርባል። በግል ትምህርት ቤት ደግሞ ተማሪዎቹ ብዙ ጊዜ በቁጥር ያነሱ ናቸው፤ እንግሊዝኛም ቀድሞ ይጀመራል፤ ክፍያው ግን በየዓመቱ ይጨምራል። በመጨረሻ ሁሉም የሚቀመጡት ለአንድ ፈተና ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚህ የምንማረው በበሩ ላይ የተጻፈው ስም ብቻውን ልጅን እንደማያሳልፍ ነው። ማታ ደብተሩን የሚያየው ሰው ያስፈልገዋል።

የክልሉንም ቋንቋ አስቡ። በአማራ ክልልና በአዲስ አበባ ሕፃናት በአማርኛ ሊማሩ ይችላሉ፤ በኦሮሚያ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግራይ በትግርኛ ይማራሉ። ልጁን ከአንዱ አያት ወደ ሌላዋ አያት ስታዛውሩት የትምህርቱ ቋንቋ አብሮ እንዳይለወጥ ተጠንቀቁ። አሁን ባለው ሥርዓት ከ1ኛ እስከ 6ኛ አንደኛ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ሁለተኛ ደረጃ ነው። 6ኛና 8ኛ ክፍል ላይ ፈተና ስላለ በእነዚህ ዓመታት ልጅን ከቦታ ቦታ አለማዛወር ይመረጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ልጁን የሚይዘው ማን ነው? እናታችሁ ትወደዋለች፤ ምንም ጥያቄ የለውም። ግን ዓይኗ ደክሞ ደብተር ማየት ካልቻለች፣ ለወላጆች ስብሰባ መሄድ ካቃታት፣ ሌላ ሰው አብሯት ይታሰብ። ልጁ ከአያቱ ጋር ይኑር፤ ለትምህርቱ ደግሞ ፊደል የቆጠረ አጎት፣ አክስት ወይም ጎረቤት በስም ይመደብ። «ሁሉም ያየዋል» ከተባለ ማንም አያየውም።

ለዚያ ሰው ውክልና ስጡት። አባቱ አብሮት ከሌለ፣ ለምዝገባም፣ ለዝውውርም፣ ለሕክምናም «ወላጅ ይምጣ» ይባላል። ውክልናውን እዚህ በኤምባሲው ወይም በዱባይ ቆንስላ ጄኔራል ጽሕፈት ቤት ታዘጋጃላችሁ፤ አገር ቤት ደግሞ ይረጋገጣል። በውክልናው ላይ ትምህርትና ሕክምና ብላችሁ ለይታችሁ አስጽፉ። ስለ ቤትና ስለ ንብረት ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፤ አትደባልቁት።

ገንዘቡንም ለዩት። የቤት ወጪና የትምህርት ገንዘብ አብረው ሲላኩ ጤፍ ሲወደድ የሚቀነሰው ከትምህርቱ ነው። የትምህርት ቤቱ ክፍያ በባንክ ወይም በቴሌብር የሚከፈል ከሆነ በቀጥታ ወደዚያ ይግባ፤ ካልሆነም የደረሰኙ ፎቶ ይላክላችሁ። ይህን መጠየቅ ዘመድን መጠራጠር አይደለም። ከመሄዳችሁ በፊት ተነጋግራችሁ ብትስማሙ ማንም አይቀየምም።

በተለይ ሴቶች ልጆቻችሁን አስቡ። እናቷ የሄደችባት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የቤቱን ሥራ ትረከባለች። ውኃ ትቀዳለች፣ ታናናሾቿን ትይዛለች፣ እንጀራ ትጋግራለች። መጀመሪያ ታረፍዳለች፤ ቀጥሎ ትቀራለች፤ በመጨረሻ «ትምህርት አልገባ አላት» ይባላል። እናንተ በሰው ቤት የምትደክሙት እርሷ እንድትማር ሆኖ ሳለ፣ እርሷ በዘመድ ቤት ያለ ደመወዝ ሠራተኛ እንዳትሆን ጠይቁ። ከምትልኩት ላይ ለቤት ሥራ የሚያግዝ ሰው በሳምንት ሁለት ቀን ቢቀጠር ልጅቷን ክፍል ውስጥ ያቆያታል።

በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በተፈጠረው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ቀደም ብሎም በሰሜኑ ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ትምህርት ተቋርጦ ነበር። ልጃችሁ በእንዲህ ያለ ቦታ ካለና ወደ ከተማ ልትልኩት ካሰባችሁ፣ ሪፖርት ካርዱንና መሸኛውን ሳይዝ አይውጣ። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ የወረዳውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። እስኪከፈት ድረስም ባለፈው ዓመት መጽሐፍ ቤት ውስጥ ይከልስ።

5. ከዚህ ሆኖ መከታተል

የክፍል ኃላፊ መምህሩን ስልክ ቁጥር ያዙ። በወሰነ ትምህርት ሁለት ጊዜ ደውሉ፤ «ስንት ቀን ቀረ? በየትኛው ትምህርት ይደክማል?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጁን ስታነጋግሩም ስለ ጫማና ስለ ልብስ ብቻ አትጠይቁት። «ዛሬ ምን ተማርክ? እስቲ አንብብልኝ» በሉት። ልጁ እናቱ እንደምትጠይቀው ካወቀ ይዘጋጃል።

ፈቃዳችሁንም ከትምህርቱ ጋር አስማሙት። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ (ቁጥር 9/2022) በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን፣ በዓመት 30 ቀን ፈቃድ፣ በየሁለት ዓመቱም የአገር ቤት ደርሶ መልስ ቲኬት ይሰጣችኋል። አገር ቤት ትምህርት የሚዘጋው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ምዝገባውም በዚያው ጊዜ ነው። እዚህም ብዙ አሠሪዎች በበጋ ለዕረፍት ይወጣሉ። ስለዚህ ፈቃዳችሁ በዚያ ወቅት እንዲሆን ለማዳም ቀደም ብላችሁ ንገሯት። የልጃችሁን ክፍልና መምህር በዓይናችሁ አይታችሁ ትመለሳላችሁ።

ፊሊፒንስ በውጭ ለሚሠሩ ዜጎቿ ልጆች በመንግሥት መሥሪያ ቤት በኩል የነፃ ትምህርት ዕድል ትሰጣለች። እኛ ዘንድ ደግሞ ዕቁብ አለ። ልጅ የምታስተምሩ አምስት ስድስት ሆናችሁ፣ ዕጣው በሐምሌና በነሐሴ እንዲደርሳችሁ ተስማምታችሁ ብትጀምሩ፣ የመስከረም ወጪ ብድር ውስጥ አያስገባችሁም።

6. ልጁ ከዚህ ወደ አገር ቤት ሲመለስ

ከተቻለ ዓመቱን ጨርሶ በሰኔ ይውጣ፤ ለመስከረም ይደርሳል። ከትምህርት ቤቱ ሪፖርት ካርድና መሸኛ ተቀበሉ፤ ያልተከፈለ ሒሳብ ካለ ወረቀቱ ሊዘገይ ስለሚችል አስቀድማችሁ ጨርሱ። ማስረጃውን በአዴክ፣ በአገሩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በኤምባሲያችን አረጋግጡ። አገር ቤት ክፍሉን የሚመዝነው የትምህርት ቢሮ ነው። አማርኛ ማንበብ የማይችል ልጅ አንድ ክፍል ዝቅ ሊል እንደሚችልም አስረዱት፤ ሳይነገረው ሲደርስበት ይሸማቀቃል።

ለማስታወስ ያህል ከዚህ በታች ያሉትን ቆርጣችሁ ያዙ፦

- የልጄ የልደት ሰርተፍኬት ወጥቷል? የት ነው ያለው?
- ትምህርቱን የሚከታተለው ሰው በስም ማን ነው? ውክልና አለው?
- የክፍል ኃላፊው ስልክ ቁጥር በእጄ አለ?
- የመጨረሻውን ሪፖርት ካርድ አይቻለሁ?
- የትምህርት ገንዘቡ ከቤት ወጪው ተለይቶ ይሄዳል?
- የሚቀጥለው ፈቃዴ መቼ ነው?

ከእነዚህ መካከል «የለም» ያላችሁትን አንዱን መርጣችሁ በመጪው የዕረፍት ቀናችሁ ጀምሩት። የምትሞሉት ቅጽ ወይም የምትጽፉት ደብዳቤ ካለ ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እንጽፈዋለን። ለልጆቻችሁ መልካም የትምህርት ዘመን፣ ለእናንተም ጤናና ብርታት እንመኛለን።